ሦስቱ አራት መቶ ስድስቶች

ሞጣ ሄዳችሁ «ድልድዩን የተሻገረው ልጅ የት አለ?» ብትሉ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ቢቸና ይጠቁማችኋል። አንዳንዱ እየሳቀ ነው የሚጠቁመው። ይሳቅ። እኔ በነበርሁበት ዘመን በሞጣ ጌም ቤት ጆይስቲክ ይዞ እኔን ያሸነፈ የለም፤ አለሁ የሚል ካለ መጥቶ ፊቴ ላይ ይናገር። ትምህርት ከሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የወረድሁት። ሰው «አቋረጠ» ይላል፣ እኔ ግን ወረድሁ ነው የምለው፣ እንደ አውቶቡስ፤ መውረጃዬ እዚያ ነበረ።

ጌም ቤቷ ጠባብ ክፍል ነበረች። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ማሽን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የእንጨት መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ካሴት። ካሴት ስላችሁ የዘፈኑን አይደለም፤ ማሽኑ አናት ላይ የሚሰካውን፣ መዳፍ የሚያክለውን የጌም ካሴት ነው። እኔ የቤቱ ሠራተኛ ነበርሁ። ካሴት እቀይራለሁ፣ አቧራውን እፍ እላለሁ፣ የተጣላ እገላግላለሁ፣ ጋሼ ሲያንቀላፉ ደግሞ እጫወታለሁ።

ካሴቶቹ አብዛኞቹ የአንድ ድርጅት ሥራ ነበሩ። ጀርባቸው ላይ አንድ እግሩን ያነሣ ሽመላ ታትሞ፣ ከሽመላው ሥር ቁጥር አለ። የድርጅቱን ስም አናውቅም። ጽሑፉ የእኛም አይደል፣ እንግሊዝኛም አይደል፣ የተጨማደደ ሣር ነበር የሚመስለው። ስለዚህ «ባለሽመላው» አልነው። የጌሞቹንም ስም ማንበብ ስለማንችል እኛው ክርስትና አነሣናቸው፦ መኪናው፣ ትግሉ፣ ዶሮዋ።

ከሁሉ የሚበልጠው ድልድዩ ነበር። ባርኔጣ ያደረገ አንድ አጭር ሰውዬ ሦስት ፍየሎች እየነዳ የተሰባበረ ድልድይ ያሻግራል። ሳንቃው ከሥሩ እየወደቀ ይሄዳል። ፍየሎቹ ደግሞ የምር ፍየሎች ናቸው፤ አንዷ ትቀድማለች፣ አንዷ ትቆማለች፣ ሦስተኛዋ ወደ ኋላ ትመለሳለች። አንዷ ከወደቀች ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። ጌሙ ሲከፈት አሥራ ሁለቱን ድልድዮች በካርታ ያሳይሃል፣ እንግዲህ ተሻገር ብሎ። ሞጣ ውስጥ ከሰባተኛው ያለፈ አልነበረም። አንድ የሥጋ ቤት ልጅ ሰባተኛውን ጨርሶ ደስታው ሲያዘልለው ገመዱን ጠልፎ ማሽኑን ከነፍየሎቹ መሬት ላይ ጣለው።

እኔ ግን አሥራ ሁለቱንም ተሻገርሁ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ቤቱ ሳይከፈት፣ ልጠርግ ገብቼ። ያየኝ ሰው የለም። ችግሬ ይሄ ነው።

ጋሼ ራሳቸው አላመኑኝም። «ዓባይን በክረምት በእግሩ የተሻገረ ይመስል» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እኔም ዓባይ ድልድይ እንዳለው፣ እሳቸውም ሲነዱ የኖሩት በዚያ ድልድይ ላይ እንደሆነ፣ የእኔው ግን ሳንቃ በሳንቃ እንደሆነ አስረዳቸዋለሁ። ልጆቹ ደግሞ አሥራ ሁለተኛው ላይ ምን አለ ብለው ይይዙኛል። ምን ያልነገርኋቸው አለ። ማክሰኞ ለጠየቀኝ ሠርግ አለ አልሁት። ሐሙስ ለጠየቀኝ ፍየሎቹ ዘውድ ደፉ አልሁት። የሚጠይቅ ሰው ትንሽ ነገር ይዞ እንዲሄድ አልወድም።

ከዚያ ዓመት ዓመትን ወለደ። ጌም ሁሉ ስልክ ውስጥ ገባ፣ ጌም ቤቷም ወፍ የለቀቀው ጎጆ ሆነች። እኔ ወደ ተወለድሁበት ቢቸና ተመልሼ ባጃጅ ያዝሁ። በባጃጅም ቢሆን እኔን የሚቀድም የለም፣ ግን ይሄ የሌላ ቀን ወሬ ነው።

ለፋሲካ ሰሞን አንድ ተማሪ ጫንሁ። የቢቸና ልጅ ነው፣ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ይማራል። ቤተሰቦቹ ጋ እስክንደርስ የሚሆን መንገድ ነበረንና ድልድዩን ነገርሁት፤ ለተሳፋሪ ሁሉ እነግራለሁ። አብዛኛው ሰው ስልኩን ያወጣል። ይሄኛውም አወጣ፣ ግን ወደ እኔ ተንጠራርቶ ጠየቀኝ።

«የካሴቱ ጀርባ ላይ ሽመላ አለው?»

እግሬ ፍሬኑን ረገጠ። ሽመላውን ለማንም ተሳፋሪ ተናግሬ አላውቅም።

መንገድ ዳር ቆመን ነገረኝ። አሮጌ ጌሞች እንዳይጠፉ የሚመዘግቡ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ እሱም ከነሱ ጋር ይሠራል፣ ያለ ደሞዝ። ባለሽመላው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፣ ምን ምን እንደሠራም ዝርዝር አልተወም። የተረፈው በየአገሩ የተበተነ ካሴት ብቻ ነው። ስለዚህ ከየካሴቱ ጀርባ ቁጥሩን እየለቀሙ በቅደም ተከተል ይደረድሩታል። ቁጥር ካለ ጌም ነበረ ማለት ነው፤ ቁጥሩ ከተዘለለ ማንም ያላየው ጌም አለ ማለት ነው። ስልኩን ሰጠኝ። ቁጥር፣ ከጎኑ ሥዕል፣ ከሥዕሉ ጎን ጌሙ ምን እንደሆነ። መኪናውን አየሁት። ትግሉን አየሁት። ዶሮዋ እንኳ አለች፣ ከነኩርፊያዋ።

«ድልድዩስ?»

ጣቱ ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ወጣ። «ፍየል የሚነዳ? እንደሱ ያለ የለም» አለኝ።

የለም። ሞጣ ባያምነኝ ግድ የለም፤ ሞጣ ነው። ይሄ ግን የዓለም መዝገብ ነው። የዓለም መዝገብ የለም ካለ እኔ የነገሥሁበት አገር የለም ማለት ነው። ሰው አሸንፎ እንዴት ያሸነፈው ነገር ይጠፋበታል? ካሴቱ ሞጣ እንዳለ ነገርሁት። እንግዲያው፣ ስልኬ ፎቶ ስለማያነሣ፣ የካሴቶቹን ቁጥር በሙሉ ጽፌ እንድልክለት ነገረኝ፤ ድልድዩ ከመካከላቸው ካለ በተዘለለ ቁጥር ላይ ይገኛል። ሲወርድ ጎንበስ ብሎ አስጠነቀቀኝ።

«እንዳለ ጻፈው። አትጨምር፣ አትቀንስ።»

«እኔን ነው?» አልሁት።

ሞጣ ስደርስ ጋሼ ካሴቶቹን ጆንያ ውስጥ ከተዋቸዋል። ማሽኖቹ ተቃጥለዋል። መደርደሪያውን ዳቦ የምትሸጥ ሴት ወስዳዋለች። ጆንያውን ደግሞ የጉንደ ወይኑ ሬዲዮ ጠጋኝ ከውስጣቸው የሚነቀለውን ሊነቅል ጠይቋቸው ቃል ሰጥተውታል። ጋሼ ቃል ከሰጡ ሰጡ ነው።

ጆንያውን መሬት ላይ ዘረገፍሁት። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ድሮ ድልድዩን ዓይኔን ጨፍኜ አወጣው ነበር፤ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከግራ ሦስተኛ። አሁን ረድፍ የለም፣ ግራ የለም። ከፊታቸው ሥዕሉ የተፋቀ ሰባት ካሴቶች አሉ፣ እጅ የበዛባቸው። የተወደደው ነው ፊቱ የሚጠፋው። ድልድዩ ከሰባቱ አንዱ ነው፣ ግን የቱ? ሰክቼ እንዳላየው ማሽን የለም። ቁጥሩን ደግሞ ያን ጊዜ ማን አየ፤ ሰው የጓደኛውን መታወቂያ ቁጥር ይይዛል?

ጋሼ አንድ ሳምንት ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ጆንያውን ሳላጎድል ጉንደ ወይን ለሬዲዮ ጠጋኙ እንዳደርስ ቃል አስገቡኝ። «አንዲት ብታስቀር» አሉ፣ «አልዋሽም የምለውን ሰው አንተ ውሸታም ታደርገኛለህ።» ስለዚህ ሰባቱ ቀርተው አንዷንም መደበቅ አልቻልሁም።

ቢቸና ስመለስ ሌላ ጣጣ መጣ፦ የእጅ ጽሑፌ። ዶሮ ጤፍ ላይ የሄደች ነው የሚመስለው ይላሉ፤ ዶሮዋ ግን የተሻለች ናት። የዓለም መዝገብ ውስጥ እንደዚህ ሆኜ አልገባም አልሁና ወደ አጎቴ ሄድሁ። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ቢቸና ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ከሳቸውም ላይ ወርጄ ነበር። መጽሐፍ በብርዕ የሚገለብጡ ቁም ጸሐፊ ናቸው። የሳቸውን ጽሑፍ ስታየው ፊደሎቹ ለንግሥ የቆሙ ካህናት ይመስላሉ፣ አንዱ ከሌላው አይጋፋም።

ከቤታቸው ደጃፍ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት፣ ቁርበት ላይ ተቀምጠው የሰው ዳዊት ይገለብጡ ነበር። ጆንያውን አየት አድርገው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የነገርኋቸውን ሁሉ ሰምተው አንዱን ካሴት አነሡና ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት።

«በውስጡ ምን አለ?»

«ድልድይ አለ፣ የኔታ።»

«ማን ሠራው?»

«አይታወቅም።»

«ደራሲው ሳይታወቅ የሚገለበጥ ስንት አለ» አሉና ዳዊቱን ከድነው ወረቀት አወጡ።

ሥራው እንዲህ ሆነ፦ እኔ ከካሴቱ ጀርባ አነባለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። እሳቸው ደግሞ ቁጥር የሚሉት አንድ ነው፣ የግእዙ። የገንዘቡን ቁጥር ያውቁታል፣ ይገበያዩበታልም፤ በብርዕ ግን አይጽፉትም። የመጀመሪያውን ካሴት አንሥቼ «ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት» አልሁ። ብርዑ ቆመ።

«ዜሮ ምንድን ነው?»

«ምንም ማለት ነው።»

«ምንም ከሆነ ምን ብዬ እጽፈዋለሁ?»

አሰብሁት። እውነታቸውን ነው። በግእዝ ቁጥር ዜሮ የሚባል የለም፤ አንድ ብሎ ነው የሚጀምረው። ደግሞ እኔ ከሦስተኛ ክፍል ይዤው የወጣሁት አንድ ነገር ቢኖር ከፊት ያለ ዜሮ ዋጋ የለውም የሚለው ነው። መምህሩ በአርጩሜ ነው ያስያዘኝ። እንግዲያው ለማይጽፉት ነገር ምን አተነፍሳለሁ ብዬ ከሁለተኛው ካሴት ጀምሮ ዜሮዎቹን ተውኋቸው። ሥራውም ፈጠነ። አንዱ ሁለት ዜሮ አለው፣ አንዱ አንድ፣ አንዱ ጭራሽ የለውም፤ እኔ ለሁሉም እኩል ፈረድሁ።

ሁለት ጠዋት ፈጀብን። አሥር አሥሩን በቀይ ቀለም እየለዩ፣ ወረቀቱን በመስመር እያሰመሩ ጻፉት። አንድ ቦታ ላይ ቀና ብለው ይሄን ቁጥር ጽፌዋለሁ አሉኝ። ፬፻፮ ነበር። ይደገም አልኋቸው። ጥቂት ቆይቶ ሦስተኛ ሲመጣ አሁንስ አዙሮብሃል አሉ። ካሴቶቹ ሦስት ናቸው፣ ሦስት ጊዜ ይጻፍ ብዬ ድርቅ አልሁ። የኔታ መጽሐፍ ሲገለብጡ ያዩትን እንጂ የመሰላቸውን አይጽፉምና ጻፉት። ሦስተኛው ካሴት ፊቱ የተፋቀ ነበር።

ሲጨርሱ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቀው ወረቀቱን ሰጡኝ። የሳቸው ልማድ ነው፤ የተገለበጠ ነገር ከዋናው ጋር ፊት ለፊት ሳይነበብ ከቤት አይወጣም። «አንተ ከወረቀቱ ታነባለህ፣ እኔ ካሴቱን አያለሁ። እናመሳክር» አሉኝ።

እንግዲህ እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። የግእዝ ቁጥር እስከ አሥር ነው የማውቀው። ከአሥር በላይ ሲደራረብ አጥርም ጣራም ይመስለኛል። ግን ዓለም አቀፍ ሰው ሆኜ ፊታቸው ላይ አላውቅም እንዴት እላለሁ? ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየወረድሁ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ራሴን ነቅንቄ አየሁት።

«ልክ ነው፣ የኔታ። አንዲት ስሕተት የለበትም።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ብርዓቸውን ጠረጉ።

ጆንያውን ሳላጎድል ጉንደ ወይን አደረስሁ። ወረቀቱን በአውቶቡስ ረዳት እጅ ባሕር ዳር ላክሁ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ቢቸና ውስጥ መንዳት ሳይሆን መንሳፈፍ ነበር ሥራዬ።

ተማሪው ደወለ። በመጀመሪያ ስለ ጽሑፉ አወራ፤ ፎቶውን ያዩት ሰዎች ከቁጥሩ ይልቅ ወረቀቱን አይተው እንደተደነቁ ነገረኝ። ምንም አይደል፣ አጎቴ ናቸው የጻፉት፣ እኔ ነኝ ያስጻፍሁት አልሁት። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ።

«አራት መቶ ስድስት ሦስት ጊዜ አለ።»

«ሦስት ናቸዋ።»

«ዜሮዎቹስ የታሉ?»

ከፊት ያለ ዜሮ ዋጋ እንደሌለው፣ ይሄንን ደግሞ በሦስተኛ ክፍል እንደምንጨርሰው አስረዳሁት። ሲያዳምጠኝ ቆየና እሱም አስረዳኝ። ባለሽመላው ድርጅት ቁጥር ሲሰጥ ዜሮዎቹ እንደ አባት ስም ናቸው። ዜሮ የሌለው አራት መቶ ስድስት መኪናው ነው። አንድ ዜሮ ያለው ትግሉ ነው። ሁለት ዜሮ ያለው አራት መቶ ስድስት ግን እስካሁን ማንም አይቶት አያውቅም፤ መዝገቡ ላይ ቦታው ክፍት ነው። ከላክሁለት ዝርዝር ውስጥ የቀረው ቁጥር ሁሉ፣ ከፊቱ ያለው ዜሮ ስንትም ቢሆን፣ የታወቀ ጌም ነው። ስለዚህ ያ ፊቱ የተፋቀው ካሴት ሁለት ዜሮ ካለው ድልድዩ ነው፣ ድልድዩም አለ። አንድ ዜሮ ካለው ወይም ከሌለው ግን ሌላ መኪና ወይም ሌላ ትግል ነው፣ እኔም ውሸታም ነኝ። ውሸታም አላለም፣ ጨዋ ልጅ ነው። እኔ ነኝ የጨረስሁለት።

«ዜሮው ስንት ነበር?»

አላስታውስም። በእጄ ይዤዋለሁ፣ በዓይኔ አይቸዋለሁ፣ በአፌ ዘልየዋለሁ።

በማግሥቱ ባጃጁን ለጓደኛ ትቼ ጉንደ ወይን ወረድሁ። ያ ኮረኮንች መንገድ አንጀት ያወጣል። ሬዲዮ ጠጋኙ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ የአንድ ሬዲዮ ሆድ ከፍቷል። ደህና ሰው ነው፣ ምላሱ ግን ከመበየጃው ብረት ይልቅ ያቃጥላል።

«አንተ ነህ አሉ አሥራ ሁለት ድልድይ ያለህ። አንዱን ለወረዳችን ብትሰጠንስ፣ ወንዙ በክረምት አላሻግር ብሎናል።»

ቀልዱን ዋጥ አድርጌ ካሴቶቹ የት እንዳሉ ጠየቅሁት። በመበየጃው ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ። ካሴቶቹን ከፍቶ፣ ከውስጣቸው የሚጠቅሙትን ትንንሽ ዕቃዎች ነቅሎ ሬዲዮ ላይ ተክሏቸዋል። ጥቁሩን ቁራጭ፣ ጌሙ የሚኖርበትን፣ ለሬዲዮ አይሆንምና ጥሎታል፤ ጉድፉን ደግሞ ዝናብ ወስዶታል። ቅርፊቶቹን ግን አልጣለም። በምስማር ግድግዳው ላይ ረድፍ ረድፍ አድርጎ መትቷቸው የብሎን፣ የሽቦ፣ የፊውዝ ማስቀመጫ አድርጓቸዋል። ጋሼ ቤት እንደነበሩት ነው የተደረደሩት።

አንድ በአንድ እየነቀለ እንዲሰጠኝ ለመንሁት። ብሎኔ ይደባለቃል ብሎ አጉረመረመ፣ ግን ነቀለ። ጀርባቸውን እያዞርሁ አየሁ። መኪናው። ዶሮዋ። የሽቦ ማስቀመጫው ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ነው። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ፊቱ የተፋቀ አንድ ቅርፊት የሬዲዮ መርፌ ይዞ ተሰቅሏል። አዞርሁት። ሽመላው ቆሟል። ከእግሩ ሥር፦ 00406።

ሁለቱን ዜሮዎች በአውራ ጣቴ ዳሰስኋቸው። አለ። ነበረ። ሞጣ፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከግራ ሦስተኛ።

ደስ እንደሚለኝ ነበር የመሰለኝ። ቅርፊቱን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ሬዲዮ ጠጋኙ ያበጀውን ሬዲዮ ከፈተው፤ የገበያ ዋጋ ያወራል። ከድልድዩ ውስጥ የተነቀለች አንዲት ፍሬ ምናልባት እሱ ውስጥ ትሆናለች። ሰውየው፣ ባርኔጣው፣ ሦስቱ ፍየሎች፣ ሁሉም የነበሩበት ጥቁር ግን የለም። ሳምንቱን ሙሉ እጄ ላይ ነበረ። ሁለት ዜሮ ብልና ባስጽፍ ኖሮ ተማሪው በዚያው ቀን ያዝ፣ አታስረክብ ይለኝ ነበር፣ ጋሼንም እንለምን ነበር።

ወረቀት አልያዝሁም። ሬዲዮ ጠጋኙ የሲጋራ ካርቶን ቀዶ ከእርሳስ ጋር ሰጠኝ። ቅርፊቶቹን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ በራሴ የዶሮ ጽሑፍ፣ ቁጥሩን ከነዜሮው ጻፍሁ። እየጻፍሁ ሳይሆን እየሣልሁ ነበር። ከጻፍሁ በኋላ ካርቶኑን ለሰውየው ሰጥቼ፣ እሱ ከካርቶኑ እያነበበ እኔ ቅርፊቱን አየሁ። አመሳከርን። አላሾፈብኝም።

እዚያው ደጁ ላይ ቆሜ ለተማሪው ደወልሁ። ሁለት ዜሮ ስለው ጮኸ፤ ጨዋ ልጅ ነው ብያችኋለሁ፣ ግን ጮኸ። ከዚያ ውስጡስ ብሎ ጠየቀኝ። ነገርሁት። ድምፁ ወዲያው የቢሮ ሰው ድምፅ ሆነ። መዝገቡ ላይ ከቁጥሩ ጎን ጌሙ ምን እንደሆነ ይጻፋል፤ ካሴቱ ከሌለና የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ያ ሰው የሚለው ነው የሚጻፈው። ሌላ ካሴት እስኪገኝ፣ ምናልባትም ለዘላለም።

ስለዚህ ነገርሁት። የሰውየውን ባርኔጣ፣ ቡናማ ነው፣ ነፋስ ባለበት ድልድይ ላይ በአንድ እጁ ይይዘዋል። የፍየሎቹን ጠባይ። አራተኛው ድልድይ ላይ መሐል የጎደለችውን ሳንቃ፣ ስድስተኛው ላይ ያለውን ገመድ። አሥረኛው ላይ ድልድዩ ራሱ እንደሚወዛወዝ። አሥራ አንደኛው ላይ ፍየሎቹን ወደ ኋላ መልሰህ ካላሳለፍሃቸው እንደማይሆን። ለሰው ነግሬው የማላውቀውን ሁሉ ነገርሁት፤ ልጆቹ የሚጠይቁኝ የመጨረሻውን ብቻ ነበር። እየጻፈ ነው፣ የጣቱ ድምፅ ይሰማኛል።

«አሥራ ሁለተኛውስ? መጨረሻው ላይ ምን አለ?»

ሠርግ አለ፣ አፌ ላይ ነበር። ዘውዱም አፌ ላይ ነበር። ማን ያስተባብለኛል? የሚያስተባብለኝን ዝናብ ወስዶታል። የምለው ነገር የዓለም መዝገብ ላይ ይቀመጣል፣ አንድ ቀን አንዱ አገር ያለ ልጅ ያነበውና ፍየሎቹ ዘውድ ደፉ ብሎ ያምናል። ለሞጣ ልጆች የነገርኋቸው ወሬ ነበር፤ ከወሬው ጀርባ ካሴቱ ነበረ። አሁን ከወሬዬ ጀርባ ምንም የለም። የኔታ ብርዓቸውን ሲጠርጉ ያዩኝ አስተያየት ትዝ አለኝ።

«አላውቅም» አልሁት። «አሥራ አንዱን ነው የተሻገርሁት።»

«አሥራ ሁለት አላልህም ነበር?»

«ብያለሁ። አሥራ ሁለተኛው ሲከፈት ጉም ነበር። ሰውየው እግሩን አሳረፈ። ኋለኛዋ ፍየል ዞር ብላ ወደ እኔ አየች። መብራት ጠፋ።»

ያ ጠዋት እንደዚያ ነበር። ጆይስቲኩን እንደያዝሁ የጠፋው ቴሌቪዥን ላይ የራሴን ፊት ሳይ ተቀምጬ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ሞከርሁ፤ ከዘጠነኛው አላለፍሁም። አንድ ጊዜ እግሬን ያሳረፍሁበትን ተሻግሬዋለሁ ብል ምን ይጎዳል ብዬ ነበር። እውነትም ማንንም አልጎዳም፣ እስከዚያ ቀን ድረስ።

ተማሪው ለዚያኛው ምን ልጻፍ አለኝ። ክፍት ተወው አልሁት።

ቢቸና ስደርስ በቀጥታ የኔታ ጋ ሄድሁ። ካርቶኑን አሳየኋቸው፣ ማንበብ ሳልችል ልክ ነው እንዳልሁም ነገርኋቸው። ያን ቀን ሳነብ ከንፈሬ የሚለው ሌላ፣ ጣቴ ያለበት ሌላ እንደነበር ነገሩኝ። ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም ብላቸው ቁጣ እንደማይገባኝ ድሮ ፊደል ትቼ ስሄድ አውቀው እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ አዲስ ወረቀት አሰመሩ። ስሕተት ያለበት ጽሑፍ በእጃቸው ወጥቶ እንዲቀር አይፈልጉም። ቁጥሩን በግእዝ እየጻፉ፣ ዜሮ ባለበት ቦታ ከፊቱ በቀይ ቀለም ትንሽ ክብ ያኖራሉ፤ ለሁለት ሁለት፣ ለአንድ አንድ። እንደዚያ ያለ ጽሑፍ በዓለም ላይ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ከዚህ በኋላ ወረቀቱን ሰጥተውኝ ከካርቶኑ ጋር አመሳከርን፤ ከአሥር በላይ ያለውን በየመስመሩ እያስተማሩኝ። ሦስት ጠዋት ፈጀ።

ተማሪው በሚቀጥለው ፋሲካ ሲመጣ ስልኩን አሳየኝ። 00406፤ ሥዕሉ የተፋቀው ቅርፊት ነው፣ ሬዲዮ ጠጋኙ መርፌውን አውጥቶ ሰጥቶኝ ነበር። ከጎኑ ባርኔጣው፣ ፍየሎቹ፣ አሥራ አንዱ ድልድይ። የአሥራ ሁለተኛው ቦታ ክፍት ነው። ከሥሩ «የታየው፦ ሞጣ፣ ኢትዮጵያ» ይላል።

ጋሼ ይሄን ሲሰሙ እስከ አሥራ አንድ መድረሴንም አላመኑም። አሁን ለተሳፋሪ ሁሉ አሥራ አንድ ነው የምለው፣ ከሰባት በላይ ደግሞ ከእኔ ሌላ ማንም አልደረሰም እላለሁ፣ እሱማ እውነት ነው። የሚያምነኝ አሁንም የለም።